በፌስታል ውስጥ ያቆጠቆጠችው ሊሊ



ሐኪም ስለ አበባ ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ደጃች ውቤ የሚገኘው የእናቴ ቤት ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ፣ እማዬ መጀመሪያ የቆፈረችው ሊሊዋን ነበር። ሽንኩርት የሚመስለውን ሥር በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ፤ እኔም ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። ከወራት በኋላ ስፈታው ያለ ውኃ፣ ያለ አፈር አቆጥቁጧል። እንዴት ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

አንዱ መልስ ሥሩ ራሱ ነው፤ ውኃና ምግብ ያከማቻል። ሌላው ግን ጅኖቹ ናቸው። ድርቅ ሲመጣ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ የሚተነው ውኃ ይቀንሳል። በሴሉ ውስጥም ሌሎች ጅኖችን የሚያዝዙ ጅኖች ይነሣሉ። የቻይና ተመራማሪዎች ከነብር ሊሊ እንዲህ ያለ አዛዥ ጅን ወስደው አረቢዶፕሲስ በምትባል የላቦራቶሪ ተክል ውስጥ ሲያስገቡት፣ ተክሏ ድርቁንም ጨውንም ከቀድሞው በተሻለ ቻለች።

ጨው ሲበዛ ተክሉ ሶዲየሙን ከሴሉ ያስወጣል፣ ወይም ሴሉ ውስጥ ባለ ከረጢት ይቆልፍበታል። ውኃው እንዳይሸሸው ደግሞ እንደ ፕሮሊንና ቤታይን ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይሰበስባል። የሚገርመው፣ ጨው በበዛበት የኩላሊታችን ውስጠኛ ክፍል የሚኖሩ ሴሎችም ያንኑ ቤታይን ይሰበስባሉ! አራት ኪሎ ቦታኒ ሲያስተምሩኝ "ይሄ ለሐኪም ምን ያደርጋል?" ብዬ ያጉረመረምኩባቸውን መምህሬን ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያሉ አዛዥ ጅኖች አንዳንዶቹ ያለማቋረጥ እንዲሠሩ ከተደረጉ ተክሉ ይቀጭጫል። ሁልጊዜ በሥጋት የሚኖር አያድግም፤ ይህንን በታካሚዎቼም አየዋለሁ።

ጉዳዩ የአበባ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ከመስኖ ጋር የመጣ ጨው ማሳ አስጥሏል። መፍትሔው ከገዛ ዘራችን ሊገኝ ይችላል። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ዶ/ር መላኩ ወረደ ለዓመታት የመሩት የጅን ባንክ የገበሬውን ዘር ከየቦታው ሰብስቦ አስቀምጧል፤ ያውም ገበሬው ለዘር ያኖረውን ለመብላት የተገደደባቸውን የድርቅ ዓመታት ጨምሮ። ዘሩ ከጠፋ ግን ጅኑን ከየት እናመጣዋለን? ስለዚህ እናንተ የዕፅዋት ሰዎች፣ ተማሪዎቻችሁን ወደዚያ ላኩ። እኛም ሐኪሞች እንደግፋችሁ፤ የሕፃናት የምግብ እጥረት ክፍላችን የሚሞላው ማሳው ሲደርቅ ነውና።

ሊሊዋ ዛሬ እማዬ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ በዘይት ጀሪካን ውስጥ ናት። ባለፈው ክረምት አበበች። ይህንን ሁሉ ሳይንስ ስተርክላት እማዬ ምን አለች? "ታዲያ እኔ ለምን መጀመሪያ እሷን ቆፈርኩ መሰለሽ?"