የጠፋችው ቀበሌ
(በዳግም መገናኛ በዓላችን ላይ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ)



አስተባባሪዎቹ «ከሥራ ሕይወትህ አንድ ነገር አውራን» ሲሉኝ መጀመሪያ የሚያኮራኝን ሥራ ፈለግሁ። በኋላ ግን የማፍርበት ይሻላል ብዬ መጣሁ። የኮምፒውተር ሰው ያልሆናችሁ አትስጉ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ።

ከተመረቅን ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናት ክትባት በስልክ የሚመዘግቡበት የአንድሮይድ አፕ ከሚሠራ ቡድን ጋር ነበርኩ። የእኔ ድርሻ የቀበሌ መምረጫዋ ነበረች። ቁልፍ ሲነኩ ስክሪኑ ላይ ብቅ የምትል፣ እኛ ዳያሎግ የምንላት ትንሽ ሳጥን ናት። ከላይ አጭር ማብራሪያ አለ፤ ከሥሩ 23 ቀበሌዎች በፊደል ተራ ተደርድረዋል። በእኔ ስልክ ላይ ዝርዝሩ በጣት ገፋ ሲደረግ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አስረከብኩ።

በሁለተኛው ወር አንዲት ሠራተኛ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ የኔ ቀበሌ እኮ እዚህ ውስጥ የለችም።»

«አለች እህቴ፣ በጣትሽ ወደ ላይ ግፊው ብቻ።»

«ገፋሁት እኮ! ከላይ ያለው ጽሑፍ ይሄዳል፤ ስሞቹ ግን ከስምንተኛው አያልፉም።»

የቀበሌዋ ስም በ«ፈ» ይጀምራል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትመርጪ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለች። «መጨረሻ ላይ የምትታየዋን። ካልመረጥኩ አያሳልፈኝማ።»

ሁለት ወር ሙሉ የከተበቻቸው ሕፃናት በሌላ ሰው ቀበሌ ተቆጥረዋል ማለት ነው። በሪፖርቱ ላይ የእሷ ቀበሌ ዜሮ ነበር። ኃላፊዋ «ሥራሽ ላይ አልነበርሽም» ብሎ ማስጠንቀቂያ ሊጽፍባት ተዘጋጅቷል። በፀሐይ ቤት ለቤት የዞረችው እሷ ናት፤ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ።

እንደ እሷ ያለ ትንሽ ስልክ ተውሼ ሞከርኩት። እውነቷን ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ማብራሪያውም ስሞቹም አብረው ይንቀሳቀሱ ብዬ፣ ሊስትቪው የሚባለውን ዝርዝር ስክሮልቪው በሚባል ሌላ ተንሸራታች ውስጥ ከትቼው ነበር። ስክሮልቪው ውስጡ ላለው ነገር የቁመት ገደብ አይሰጥም፤ ሊስትቪው ደግሞ ገደብ ካላገኘ የአንድ መስመር ቁመት ብቻ ይይዛል። ስሠራው አንድ ስም ብቻ ሲታየኝ፣ ለምን እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ቁመቱን 400 ዲፒ ብዬ ቸነከርኩት። አንዱ መስመር 48 ዲፒ ስለሆነ ስምንት ስም ይታያል ማለት ነው።

በትልቅ ስክሪን ላይ ማብራሪያውም ዝርዝሩም ሳጥኑ ውስጥ ስለሚበቁ፣ የውጪው ስክሮልቪው የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ የጣትን እንቅስቃሴ ለውስጠኛው ይተዋል። ትንሽ ስክሪን ላይ ግን ራሱ መንቀሳቀስ ስለሚችል እንቅስቃሴውን ቀድሞ ይወስደዋል፤ ውስጠኛው ዝርዝር ምንም አይደርሰውም። በእኔ ስልክ ላይ ስህተቱን ላየው የማልችለው ለዚህ ነበር።

መፍትሔው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ስክሮልቪውን አጠፋሁ፣ ማብራሪያውን ከላይ ቋሚ አደረግሁ፣ ለሊስትቪው ቁመት 0 ክብደት 1 ሰጠሁት፤ የተረፈውን ቦታ ብቻ ይዞ ሌላውን ራሱ ያንሸራትታል። ማብራሪያ ባያስፈልግ ኖሮማ አለርትዳያሎግ ዝርዝር በራሱ ይቀበል ነበር፤ መልእክትና ዝርዝር አንድ ላይ ስለማያሳይ ነው የራሴን የሠራሁት። ዛሬ በጄትፓክ ኮምፖዝ የሚሠሩ ልጆች ይህንኑ ስህተት ቢሠሩ አፑ ወዲያው ይቆምባቸዋል። የእኔ ሊስትቪው ግን ዝም ብሎኝ ነበር።

ኮዱን ማስተካከል ቀላል ነበር፤ መዝገቡን ማስተካከል ግን አራት ቀን ወሰደብን። እሷ የወረቀት መዝገቧን ስላልተወች፣ እሷ በስልክ እያነበበችልኝ እኔ እያመሳከርኩ የእያንዳንዱን ሕፃን ስም ወደ ቀበሌው መለስን። ለኃላፊዋም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ላክሁ። ማስጠንቀቂያው ቀረ። ያቺ ወረቀት ባትኖር ምን እንደምል አላውቅም።

የባቼ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ እዚሁ ላብ ውስጥ ፕሮጀክታችንን ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈትኑን መምህር ነበሩን። «በፈጣኑ ላይ ይሠራል እኮ ጋሼ!» እያልን እናጉረመርም ነበር። እሳቸው «ፈጣኑን ይዘህ ትዞራለህ እንዴ?» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ጭካኔ መስሎን ነበር። ገብቶኝ የነበረ ቢሆን ግን ያቺ እህት ሁለት ወር አትቸገርም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ልመና አለኝ። ሁላችንም መሳቢያ ውስጥ የተኛ ስልክ አናጣም፤ ስክሪኑ ትንሽ፣ ሜሞሪው የሞላ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ። እንዳትጥሉት። ለትምህርት ክፍሉ ላብ ስጡት። መምህራኖቻችንም ተማሪዎች አፓቸውን ከማስረከባቸው በፊት በእነዚህ ስልኮች ላይ፣ የጽሑፉን መጠን አሳድገው፣ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ስም ገፍተው እንዲያሳዩ ብታደርጉልን።

እኔ ሦስት ይዤ መጥቻለሁ፣ እዚህ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። አንዱ ቻርጀር የለውም፣ ይቅርታ።