ለመምረጥ ስለ መመዝገብ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንነጋገርበት የተመረጠው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ወረቀት ስለ መሙላት ነውና። ስለ ምርጫ ሲወራ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ማን ተወዳደረ፣ ማን አሸነፈ፣ ስንት ድምፅ አገኘ የሚለው ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ በር አለ። ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው በምርጫው ቀን ቢሰለፍም ባይሰለፍም ያው ነው። ሕዝብን ከምርጫ ለማራቅ የፈለጉ ሰዎችም ይህን በሚገባ ያውቁ ስለ ነበር፣ ከድምፅ መስጫው ሣጥን ይልቅ በመዝገቡ ላይ አብዝተው ደክመዋል። የምንናገረው የምንኖርበትን የአሜሪካን አገር ሥርዓት ይዘን ነው፤ ዓመቶቹንም የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1890 የወጣው የሚሲሲፒ ሕገ መንግሥት ለመመዝገብ የሚመጣ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንዱን ክፍል ማንበብ፣ ወይም ሲነበብለት መረዳት፣ ወይም ትርጓሜ መስጠት አለበት ይላል። «ጥቁር» የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። ነገር ግን የትኛው ክፍል እንደሚጠየቅ የሚመርጠው፣ መልሱም ልክ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው መዝጋቢው ብቻ ነበር። ለነጩ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ለጥቁሩ ጠበቃ የሚያደናግር አንቀጽ ይሰጠዋል። ሕግ ሳይጥሱ ሕዝብን መዝረፍ ማለት ይህ ነው። ነሐሴ 31 ቀን 1962 ፋኒ ሉ ሄመር የተባሉ የጭሰኛ ኑሮ የሚኖሩ ሴት፣ ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ተሳፍረው ኢንዲያኖላ ወደሚባለው ከተማ ለመመዝገብ ሄዱ። ፈተናውን አላለፉም ተባሉ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የመሬቱ ባለቤት ወይ ማመልከቻሽን ሰርዢ፣ ወይ ከመሬቴ ልቀቂ አላቸው። 18 ዓመት የሠሩበትን እርሻ ያን ዕለት ማታ ለቀው ወጡ። በጥር 1963 ፈተናውን አለፉ፤ ሊመርጡ ሲሄዱ ደግሞ የምርጫ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ የለም ተብለው ተመለሱ።

በአላባማም ሰልማ ከተማ ያለችበት አውራጃ የመዝጋቢው ቢሮ የሚከፈተው በወር ሁለት ቀን ብቻ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 1965 በሰልማ ድልድይ ላይ ሰልፈኞች የተደበደቡት ስለዚህ መዝገብ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 6 ቀን ፕሬዚደንት ጆንሰን የምርጫ መብት ሕግን ፈረሙ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም የራሱን መዝጋቢዎች ወደ ደቡብ ላከ። ውጤቱን ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል፤ በሚሲሲፒ ከጥቁሮቹ መካከል የተመዘገቡት በ1965 ከመቶ 7 የማይሞሉ ሲሆኑ በ1967 ወደ 60 ገደማ ደርሰዋል። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ የተለወጠው መዝጋቢው ነው።

ተማሪዎችን በቀጥታ የሚነካ ሌላ ታሪክም አለ። በ1971 የመምረጫ ዕድሜ ወደ 18 ዝቅ ሲል፣ በቴክሳስ ፕሬሪ ቪው በተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ያሉ ተማሪዎች ሊመዘገቡ ሄዱ። የአውራጃው መዝጋቢ ለተማሪዎች ብቻ የተለየ መጠይቅ አዘጋጀ፤ በአውራጃው ቤት ወይም መሬት አለህ ወይ፣ ወደ ፊትስ በዚሁ ለመኖር አስበሃል ወይ የሚል። የሃያ ዓመት ተማሪ መሬት ከየት ያመጣል? ነገሩ በፍርድ ቤት ታይቶ በ1979 ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ፤ ተማሪዎቹም ረቱ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ዜጋ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ከተማ እውነተኛ ነዋሪ እስከ ሆነ ድረስ በዚያው ሊመዘገብ ይችላል፤ ወይም በወላጆቹ ቤት አድራሻ ሊመዘገብ ይችላል። በሁለቱም ቦታ ድምፅ መስጠት ግን ወንጀል ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የሚመዘገበው የአሜሪካ ዜጋ የሆነ፣ በምርጫው ቀን 18 ዓመት የሚሞላው፣ በስቴቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። የሚሞላው ቅጽ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ይጠይቃል፤ ከታችም ፊርማ አለ። ፊርማው መሐላ ነው። አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ አልፈው የዜግነት ማስረጃ ስለሚጠይቁ፣ የዜግነት ወረቀቱን ግልባጭ በቅርብ ማኖር ብልኅነት ነው። የመጨረሻው ቀን እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ቴክሳስን የመሳሰሉት ከምርጫው 30 ቀን በፊት መዝገቡን ይዘጋሉ፤ ሚኔሶታ ግን ከ1974 ጀምሮ በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያው ላይ ትመዘግባለች። ኖርዝ ዳኮታ ደግሞ መዝገብ የሚባል ነገር ጨርሶ የላትም። በስልክ የሰማችሁትን የሌላ ስቴት ዘመድ ምክር አትከተሉ፤ የራሳችሁን ስቴት የምርጫ ቢሮ ጠይቁ።

አሁን በተለይ ልንቆምበት የምንፈልገው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ዜጎች አይደለንም። በተማሪ ቪዛ ያለን አለን፤ ጥገኝነት ጠይቀን የምንጠብቅ አለን፤ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘን የዜግነታችንን ቀን የምንቈጥር አለን። በ1993 የወጣው ሕግ በአብዛኞቹ ስቴቶች የመንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ለመራጭነትም እንዲመዘግብ አዝዟል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ የምትጠይቅ ናት፤ «ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ትላለች። ገና ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ የጥያቄውን ትርጉም በቅጡ ሳይረዳ፣ እንቢ ማለት ብልግና መስሎት «አዎን» ይላል። በትሕትና ያደግን ሰዎች ነንና ለባለሥልጣን «አይደለም» ማለት ይከብደናል። ያ «አዎን» ግን ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ይሆናል።

በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት የተናገረ ሰው ከአገር እንዲባረር፣ ተመልሶም እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህ ቅጣት የሚያድኑት ቀዳዳዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ዜግነት ሲጠየቅ የሚሞላው ማመልከቻም በፌዴራል፣ በስቴት ወይም በከተማ ምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ መስኮት ላይ የተባለች ቃል ከአሥር ዓመት በኋላ ቤተ ሰብ ልትበትን ትችላለች። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቅ ቢሮው ራሱ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ፤ በኦሪገን የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ከሺህ በላይ የሆኑ ሰዎችን የዜግነት ማስረጃ ሳያሳዩ ለመራጭነት እንዳስመዘገበ በ2024 ራሱ አስታውቋል። ዜጋ ሳይሆን የመራጭ ካርድ በፖስታ የደረሰው ሰው ቢኖር፣ በምንም ምክንያት አይምረጥ፤ ለማንም አንዳች ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

«ታዲያ በዋሽንግተን ከተማ ዜጋ ያልሆነም ይመርጣል ሲባል ሰምተናል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት በ2022 ባወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው ሹመት ምርጫ እንዲካፈሉ ፈቅዶ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ መርጠዋል፤ የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክም ይህን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ስትሠራበት ኖራለች። ነገር ግን ፈቃዱ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው፤ ፕሬዚደንትና የኮንግረስ አባል ለመምረጥ አይደለም። ቅጹም የተለየ ነው። በኮንግረስም የዲሲውን ሕግ ለመሻር ተደጋጋሚ ሙከራ ተደርጓል። ወደ ፊት ዜግነት ለመጠየቅ ያሰበ ሰው እዚህም ላይ ቢሆን አስቀድሞ ጠበቃ ቢጠይቅ አይጐዳም እንላለን።

ዜጋ ለሆኑት ደግሞ ሌላ የእኛ ብቻ የሆነ ጣጣ አለ፤ ስም። የአሜሪካ ቅጽ የመጀመሪያ ስም፣ የመካከለኛ ስም፣ የቤተ ሰብ ስም ይላል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ቢሮ የአባትን ስም መካከል ያገባዋል፤ ሌላው መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ወልደ ማርያም በፓስፖርቱ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ሁለት ይሆናል፤ በሶሻል ሴኩሪቲው ደግሞ «ወልደ» ብቻ ይቀራል። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አምስት ሰዎች አምስት ዓይነት ይጽፉታል። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። በ2018 ግን በጆርጂያ ወደ 53,000 የሚሆኑ ማመልከቻዎች በቅጹ ላይ ያለው ስምና ቁጥር በመንግሥት መዝገብ ካለው ጋር በትክክል አልገጠመም ተብለው ታግደው ነበር፤ አብዛኞቹም የጥቁሮች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በወጣ ሕግ ደንቡ ላላ። አንድ ፊደል ወይም አንድ ሰረዝ ሰውን ከመዝገብ ሊያስቀር እንደሚችል ግን ታይቷል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱ፤ ስማችሁ በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንደ ተጻፈ፣ ስሕተትም ቢሆን፣ እንዳለ ገልብጡ። ማቃናት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን አቃኑ።

ለመመዝገብ የሚረዳ ጠረጴዛ ዘርግተን ሳለ አንዲት እናት ቅጹን እያገላበጡ «ልጆቼ፣ እዚህ ከፈረምሁ በኋላ ስሜ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠይቀውናል። ብዙ መዝገብ ያየ ሕዝብ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የሰጠናቸው መልስ ያልተሸፋፈነ ነበር፤ የመራጮች ዝርዝር በአብዛኞቹ ስቴቶች ፓርቲዎችና ሌሎችም ሊያገኙት የሚችሉት ነገር ነው፤ ስምና አድራሻ፣ በምርጫው መካፈል አለመካፈልም ይታያል። ማንን እንደመረጡ ግን አይጻፍም፤ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ፈረሙ።

የፓርቲም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ስቴቶች በቅጹ ላይ የትኛው ፓርቲ ነህ ብለው ይጠይቃሉ፤ ወገናችንም ፓርቲ የሚለውን ቃል ሲያይ እጁ ይይዘዋል፤ ባዶ ይተወዋል። የፓርቲ ደብተር በአገር ቤት ያመጣውን መዘዝ ለሚያውቅ ይህ አያስደንቅም። እዚህ ግን መዋጮም ስብሰባም የለበትም። በሜሪላንድ ባዶ የተወ ሰው በፓርቲው የመጀመሪያ ምርጫ ለመሳተፍ አይችልም፤ በብዙ ወረዳ ደግሞ እውነተኛው ፉክክር የሚያልቀው በዚያ በመጀመሪያው ምርጫ ነው። በቨርጂኒያና በቴክሳስ ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ የለም።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል። የፌዴራሉ ሕግ በ1975 ሲሻሻል ለስፓኝ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና ለአላስካ ተወላጆች ቋንቋዎች የምርጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ የአፍሪካ ቋንቋ በውስጡ የለም። ዋሽንግተን ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት በአማርኛ ትሠራለች። በሌላ ከተማ ያሉ እናቶችና አባቶች ማንበብ ቢያቅታቸው፣ ከአሠሪያቸውና ከሠራተኛ ማኅበራቸው ሰው በቀር የፈለጉትን ሰው ይዘው ወደ ድምፅ መስጫው መግባት በሕግ የተፈቀደላቸው ነው። ይህን ለየቤታችሁ ንገሩ።

ንግግራችን ታትሞ አገር ቤት ስለሚደርስ ስለዚያም ጥቂት እንጨምር። አያቶቻችን በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ሲመርጡ ዕድሜው 21 ነበር፤ ፓርቲም አልነበረም፤ ተመራጩም ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት። አሁን ያለው በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊነትን፣ 18 ዓመትንና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖርን ነው፤ በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ላሉ ተማሪዎችም ልዩ የምርጫ ጣቢያ ሊቋቋም እንደሚችል ይደነግጋል። በውጭ የምንኖረው ግን በ2021 ምርጫ ጣቢያ አልተከፈተልንም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውም ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል፤ ቢጫ ካርድ ቢይዝም ካርዱ የመምረጥ መብት አይሰጠውም። እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ያለው የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በሁለቱም አገር ድምፅ የለውም። ይህን የምንለው ለማዘን ያህል አይደለም፤ ለአገር ቤቱ ሕግ መሻሻል መጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ስለ ሆነ ነው።

በመጨረሻ፣ የተመዘገበ ሰው ተመዝግቤአለሁ ብሎ አይተኛ። ቤት የለወጠ አድራሻውን ያድስ። ከምርጫ ቢሮ የሚመጣን ፖስታ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አትጣሉ፤ በኦሃዮ ሁለት ዓመት ያልመረጠ ሰው ማስጠንቀቂያ ይላክለታል፤ መልስ ካልሰጠና አራት ዓመት ጨምሮ ካልመረጠ ስሙ ይፋቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 ይህ አሠራር ልክ ነው ብሏል። ምርጫው ከመድረሱ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ስማችሁ መኖሩን በስቴቱ መዝገብ ተመልከቱ።

ቅጾቹ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ዜጋ ያልሆነ ሰው አንሥቶ ሊያነባቸው ይችላል፤ ብዕሩን ግን ለጐረቤቱ ያቀብል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።