በብስክሌት ወደ ደሴ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጉዞ ተናገር ስትሉኝ የጀብዱ ታሪክ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን የምነግራችሁ ሳንፈጽመው ስለ ቀረ ጉዞ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለቀ በኋላ፣ እኔና አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በብስክሌት በአምስት ቀን ለመጨረስ፣ ሌሊቱንም በድንኳን ለማደር ተነሣን። ስሙን እንዳልጠራ ስለ ለመነኝ አልጠራውም። ትዕቢታችን ቀላል አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ በመንገድ ውድድር በቡድን 9ኛ ወጥተው የለምን? እኛስ ከማን እናንሳለን? እንል ነበር። እነርሱ ግን ድንኳን፣ ድስትና ስምንት ኪሎ በሶ አልጫኑም።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን አልተርክም፤ ዝናምና ዳገት ነው። ጣርማ በር ስንደርስ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ ብስክሌታችንን እየገፋን አለፍነውና ቁልቁለቱ ተጀመረ። መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ከሚያልፍ ቦታ ተነሥቶ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ይወርዳል። የፊዚክስ ተማሪዎች ማስላት ትችላላችሁ፤ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰውና ጭነት 1,700 ሜትር ሲወርድ፣ ጉልበቱ ሁሉ በፍሬን ቢያዝ፣ የሚወጣው ሙቀት አራት ሊትር ውኃ ያፈላል። የእኛ ፍሬን ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ዓይነት ስለ ሆነ ሙቀቱ ከቸርኬው ወደ ከመነዳሪው ያልፋል። እኛም ይህን ሳናሰላ ፍሬኑን ጨብጠን ወረድን። ከደብረ ሲና በታች የፊት ጎማዬ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ራሴን ያገኘሁት ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ነው። የማስቲሹ ጥገና ቀልጦ ነበር። በየጥቂቱ ቆሞ ቸርኬውን ማብረድ እንደሚገባ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ጠፋብን። በአራተኛው ቀን፣ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት በመሬት መንቀጥቀጥ ከተጎዳችው ከካራቆሬ አልፈን፣ ከሚሴ ሳንደርስ መሸብን። ከመንገዱ ጥቂት ወረድ ብሎ ሰፊ አሸዋማ የወንዝ መውረጃ አገኘን፤ በመካከሉ የምትፈሰው ውኃ ቁርጭምጭሚት አትሸፍንም። አሸዋው ለስላሳ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በስተ ምዕራብ፣ በተራራው ላይ፣ መብረቅ ይበርቃል፤ እኛ ዘንድ ግን ጠብታ የለም። ድንኳናችንን ተከልን።

በዚያ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕዝቡ ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቀ ይነጋገራል፤ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ሽማግሌዎችም አሉ። አንድ እንደዚህ ያሉ አባት ፍየሎቻቸውን ነድተው ሲያልፉ አዩንና ቆሙ። በበትራቸው ተራራውን እያመለከቱ «ሎላ! ሎላ!» ብለው ጮኹ። ጓደኛዬ ከጎረቤት ልጆች የለቀማት ጥቂት ኦሮምኛ ነበረችውና፣ «ጠብ ነው የሚሉት፤ ከመሬታችን ውጡ እያሉ ነው» ብሎ ተረጐመልኝ። እኔም ነገሩን በገንዘብ የማበርድ መስሎኝ 50 ብር ዘረጋሁላቸው። ብሩን አይተው፣ ፊቴን አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ያን አስተያየታቸውን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ግድም ድንኳኑ ተነቀነቀ። ሽማግሌው ሁለት ጎረምሶች ይዘው ተመልሰዋል። አንደኛው እጄን ይዞ ሲጐትተኝ ዘራፊ መስሎኝ የጎማ መንፊያውን አነሣሁና እጁን መታሁት። ልጁ ጮኸ፤ ግን አልለቀቀኝም። ሌላው ጓደኛዬን ከነብርድ ልብሱ አወጣው። ዳርቻውን ወጥተን ገና ሳናርፍ ከላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ከዚያ ያየሁት በባትሪ ብርሃን የሚንከባለል ጥቁር ውኃና ግንድ ብቻ ነው። ድንኳኑም፣ በሶውም፣ የጓደኛዬ ብስክሌትም ሄደ። የእኔን ብስክሌት ሽማግሌው ቀድመው ወደ ላይ አውጥተውት ኖሯል።

በቤታቸው ወተትና ቡና ሰጡን። የመታሁት ልጅ፣ የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ በከሚሴ የሚማር ስለ ሆነ አማርኛ ያውቃል። ያበጠ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ነገሩን አስረዳን። «ሎላ» መጨረሻው አጥሮ ሲነገር ጠብ ወይም ጦርነት ነው፤ ተስቦ ሲነገር ጎርፍ ነው። በፊደላችን ቢጻፉ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በቁቤ ግን የኋለኛው አንድ ፊደል ይጨመርለታል። ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። እኔም ይቅርታ ስለምን ልጁ፣ «በጨለማ የሚጐትትህን ሰው ምን ልትለው ኖሯል?» ብሎ ሳቀ።

በማግሥቱ ከሚሴ ድረስ አብሮን ሄደ፤ የተጣመመውን ብስክሌቴን በደኅና እጁ ይገፋልኝ ነበር። ጉዟችን በዚያው አበቃ፤ ደሴ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶን በአውቶቡስ ተመለስን። ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ፤ በየበዓሉ እንደዋወል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ደጋግሜ ደወልሁ፤ ስልኩ አይሠራም ነበር። በታኅሣሥ አንድ ምሽት እርሱ ራሱ ደወለ። ሁሉም ደኅና መሆናቸውን፣ ፍየሎቹ ግን ማለቃቸውን ነገረኝ። አያቱ ሰላም ይሉሃል አለኝና፣ «ያን ብስክሌት አበጀኸው?» ሲል ጠየቀኝ። አላበጀሁትም ነበር።