ሚልጋው ለስንት ዓመት ነው?

ዛሬ የማወራው ስለ ሚልጋ ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ስለሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ ማለቴ ነው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አገር ነው፣ አሁን የምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አማርኛዬ መሃል ዕብራይስጥ ጣልቃ ይገባል፣ ይቅርታ። ወረቀቶቹ በዕብራይስጥ ስለሆኑ ቃሉን እንዳለ ጠርቼ ወዲያው እተረጉመዋለሁ።

በእኛ ቤት ልጅ ሚልጋ አገኘ ሲባል እልል ይባላል። ይገባል። ከእልልታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ «ስንት ሰጡት?» ነው። «ለስንት ዓመት ሰጡት?» የሚል ሰው ብዙ አልገጠመኝም። እኔ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ በሂሳብ ላሳያችሁ።

በዩኒቨርሲቲዎችና መንግሥት በጀት በሚሰጣቸው ኮሌጆች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ፣ ሳኻር ሊሙድ የሚባለው፣ አንድ ዓይነት ነው፤ በዓመት ከ10 ሺህ ሼቄል በላይ ነው። የዲግሪው ጠቅላላ ዋጋ ደግሞ በመቶኛ ይቆጠራል። የሦስት ዓመት ዲግሪ 300 በመቶ ነው፣ እንደ እኔ አራት ዓመት የሚፈጅ ምህንድስና 400 በመቶ። እንግዲህ አንድ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የሚከፍል ሚልጋ ይዞ ምህንድስና ቢገባ፣ 100 በመቶው ክፍት ነው። ያ ክፍት ቦታ የሚመጣው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው፤ ተማሪው የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዞ፣ ለሥራ ጊዜ በሌለው ሰዓት።

የግል ኮሌጅ ሲሆን ሂሳቡ ሌላ ነው። እዚያ የዓመቱ ክፍያ ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሳል፣ 30 ሺህና ከዚያ በላይ። 10 ሺህ ሼቄል ሚልጋ ዩኒቨርሲቲ ላለ ልጅ የዓመቱን ክፍያ አብዛኛውን ይሸፍንለታል፤ ግል ኮሌጅ ላለው ግን በየዓመቱ 20 ሺህ ያስተርፍበታል። እልልታው አንድ ነው፣ ዕዳው አንድ አይደለም።

ደግሞ ሚልጋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሰጥ አለ። ከጻሃል የተፈቱ ብዙ ልጆች ኔጌቭና ገሊላ ባሉ ኮሌጆች የመጀመሪያውን ዓመት በነጻ ተምረዋል። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። አንዲት የማውቃት ልጅ በዚህ መንገድ ገባች። ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱ ቤት መጣ፤ በዚህ ዓመት ከፋይዋ አንቺ ነሽ የሚል። ማታ ማታ ሥራ ጀመረች። ሥራው ሲበዛባት ኮርስ ቀነሰች፣ ኮርስ ስትቀንስ ደግሞ ነኩዶት ዝኹት፣ ማለት በየኮርሱ የሚቆጠረው ነጥብ፣ አነሰ። ሌላ ሚልጋ ስትጠይቅ ነጥብሽ አይበቃም አሏት። አያችሁ ክቡን? ሰነፍ ሆና አይደለም። ገንዘቡ ሲቆም ጊዜዋ ነው የተሸጠው።

ሌላው በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ፔራኽን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ1970ዎቹ ከዋይዝማን ተቋም የተነሣ ነው። ተማሪው በሳምንት አራት ሰዓት ያህል ከአንድ ሕፃን ጋር ይቀመጣል፣ በምትኩ የክፍያው የተወሰነ ክፍል ይሸፈንለታል። ግን ለአንድ ዓመት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትመዘገባለህ። ሦስተኛው ዓይነት ከመጀመሪያው ለብዙ ዓመት ቃል የሚገባ ነው። ኢምፓክት የሚባለው፣ የቤተሰብ አቅማቸው ዝቅ ያለ የጦር ክፍል ወታደሮች ሲፈቱ የሚያገኙት፣ እስከ አራት ዓመት ይሄዳል፤ ተማሪው በየዓመቱ 130 ሰዓት በጎ ፈቃድ ይሠራል። አራት ዓመት ሲባል ግን ዝም ብሎ አይወርድም። ሰዓቱ ካልሞላ ወይም ትምህርቱ ከተቋረጠ ቃሉም ይላላል።

ስለዚህ ታካኖን የሚባለውን የደንብ ወረቀት ከመፈረም በፊት አንብቡት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ የማየው ጥቂት ነገር ነው፤ ስንት ዓመት፣ በየዓመቱ ምን ይጠየቃል፣ ከሌላ ሚልጋ ጋር ይደረባል ወይስ አይደረብም፣ ዓመት ባቋርጥ ይጠብቀኛል ወይ። የመጨረሻው ከ2023 ወዲህ ቀልድ አይደለም። ሚሉኢም፣ የተጠባባቂ ጦር ጥሪ፣ ስንቱን ከክፍል አውጥቶታል። የተጠራ ልጅ ጥሪው እንደደረሰው ለሚልጋው ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። በስልክ «ችግር የለም» ያለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል።

አንድ በየቤቱ የምሰማው ነገር አለ፤ «ለእኛ ልጆች መንግሥት ይከፍላል»። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይሄ ለሁሉም አይሠራም። ሚንሃል ሃስቱደንቲም የተቋቋመው ለአዲስ ገቢ፣ ለኦሌ ነው። የገባበት ዘመንና ዕድሜው ይቆጠራል። ጎንደር ተወልዶ የመጣው ታላቅ ልጃችሁ የተማረበት በር፣ ሬሆቮት ለተወለደችው ታናሽ ላይከፈት ይችላል፤ አንድ ቤት ያደጉ ቢሆኑም። የታላቁን ታሪክ ይዛችሁ ለታናሿ አትመኑ፣ የእሷን ፋይል ራሱን አስጠይቁ።

እኔ ሚልጋዬ ለሦስት ዓመት ብቻ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ስለማውቅ ፒካዶኔን አልነካሁም። ፒካዶን ከጻሃል ስትፈቺ በስምሽ የሚቀመጠው ገንዘብ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ ይወጣል፤ ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለቤት መግዣ፣ ሥራ ለመክፈት፣ ለመንጃ ፈቃድ። አምስቱ ዓመት ካለፈ የቀረው ወደ ባንክሽ ይገባል። ጓደኞቼ በመንጃ ፈቃድና በሌላ ሌላው ጨረሱት፣ እኔን ደግሞ «ቆንቋና» ሲሉኝ ከረሙ። ዘንድሮ የአራተኛውን ዓመት የከፈለልኝ እሱ ነው። ለመንጃ ፈቃዱ ገና ነኝ፣ በአውቶቡስ ነው የምመላለሰው።

እና ደግሞ ሳኻር ሊሙድ ማለት ሁሉም ነገር ማለት አይደለም። የጥበቃ ክፍያና የተማሪዎች ማኅበር ክፍያ ተደምሮ በዓመት ጥቂት መቶ ሼቄል ይሆናል፣ ብዙ ሚልጋ እሱን አይነካውም። የመዖኖት ኪራይ፣ የተማሪ ማደሪያውን ማለቴ ነው፣ ለብቻው ነው።

ወላጆች «እኛ ዕብራይስጡን አንችል፣ ምን እናግዝ?» ትላላችሁ። በጣም ታግዛላችሁ። ሚልጋ ሰጪዎች የቤተሰብ ገቢ ያያሉ፣ በየዓመቱም እንደገና ሊጠይቁ ይችላሉ። የሦስት ወር ትሉሽ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ከቢቱአኽ ሌኡሚ የሚመጣውን ደብዳቤ፣ የልጁን የጻሃል መፍቻ ወረቀት አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። የእኔ እናት ፍሪጅ ላይ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ በበጋና ከቲሽሬ በዓላት በኋላ ባሉት ሳምንታት ይከፈታል፣ ቶሎም ይዘጋል፤ ያኔ ወረቀት ፍለጋ ቤት ከመገልበጥ ያድናችኋል።

በሚቀጥለው ዝግጅት ስለ መኺና፣ ከዲግሪ በፊት ስላለው የዝግጅት ዓመት፣ እሱ ራሱ ከሚልጋው ዓመታት ይቆጠራል ወይ የሚለውን ይዤ እመጣለሁ። ጥያቄ ካላችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይሆናል። ደህና ሁኑ፣ ለሂትራኦት።