ጠንካራ ሞላ በአራዳ መንገድ ላይ




እንድናገርበት የተመደበልኝ ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም የቤተሰብ አውቶሞቢል ሆኖ ሳለ «ስፖርት» የሚል ስም ተጨምሮለት፥ ሞላው እንዲጠነክር፥ ቁመቱ ዝቅ እንዲል፥ ቸርኬው እንዲተልቅ የተደረገ መኪና ለተሳፋሪው ምን ያህል ይመቻል የሚል ነው። ነገሩ ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን አረጋውያን፥ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን የሚነካ ስለ ሆነ፥ ከመሐንዲስ ዘንድ የታሰበበት መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ለንግግሬ መመዘኛ እንዲሆነኝም ሁላችንም የምናውቀውን የአራዳን መንገድ መርጫለሁ።

አራዳ ለዚህ ዓይነት ፈተና የተመቸ ሰፈር ነው። ከማዘጋጃ ቤት ተነሥተው በቸርችል ጎዳና ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወርዱ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቢያቀኑ ደግሞ ቁልቁለቱ ወዲያው በዳገት ይተካል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የፒያሳ ዋና ዋና መንገዶች ሰፍተው ታድሰዋል። ከዋናው ጎዳና ወጥተው ወደ መንደር ሲገቡ ግን ጥርብ ድንጋይ፥ የቧንቧ ቦይ ተቆፍሮ የተደፈነበት ጠባሳና ከመንገዱ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ የማንሆል ክዳን ይቀበላል። አንድ መኪና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ይረግጣል። የሙያችን ቋንቋም ቢሆን ለሰፈሩ ባዕድ አይደለም፤ ሞላ፥ ባሌስትራና ቸርኬ የምንላቸው ቃላት፥ ፒያሳ እንደሚለው ስም ሁሉ፥ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በሞላ ላይ የተቀመጠ የመኪና አካል ሲገፉት የሚወዛወዝበት የራሱ ምት አለው። ይህም ምት የሚወሰነው ሞላው በተሸከመው ክብደት ምን ያህል እንደሚጨመቅ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጨመቅ መኪናው በሴኮንድ 1 ጊዜ ይወዛወዛል፤ 11 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 1.5 ጊዜ፥ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን 2 ጊዜ ይሆናል። ለምቾት የሚሠሩ የቤተሰብ መኪናዎች በ1 እና በ1.5 መካከል ሲገኙ፥ ስፖርት የሚባሉት ከዚያ አልፈው ወደ 2 ይጠጋሉ። የሰው አካል በበኩሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ንዝረት ይበልጥ የሚያስጨንቀው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲሆን ነው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኢሶ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛም ይህንኑ መሠረት አድርጓል። የሞላው ምት ከፍ ባለ ቁጥር ከመንገዱ ወደዚህ አስጨናቂ ክልል የሚያልፈው ንዝረት እየበዛ ይሄዳል።

ይህን ሒሳብ ወደ አራዳ እናምጣው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 8 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የተነጠፈ ጥርብ ድንጋይ በሴኮንድ 80 ጊዜ ያህል ይመታዋል። ይህን ፈጣን ምት አስቀድሞ የሚቀበለው ሞላው ሳይሆን የጎማው ግድግዳ ነው። የግድግዳው ቁመት ደግሞ ከጎማው ጎን ከተጻፈው ቁጥር ይሰላል፦ 175/65 የሚለው ጎማ 114 ሚሊ ሜትር ያህል ግድግዳ ሲኖረው፥ 205/45 የሚለው 92 ብቻ አለው። ስለዚህ በጥርብ ድንጋይ ላይ «ሞላው ደረቀብኝ» ብሎ የሚያማርር ባለመኪና ብዙውን ጊዜ የሚከሰው ያለ ጥፋቱ ነው፤ ጥፋቱ የትልቁ ቸርኬና የቀጭኑ ጎማ ነው።

ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር እየተራራቁ የሚደጋገሙ የቦይ ጠባሳዎች ግን በዚያው ፍጥነት በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ይመታሉ። ተሳፋሪውን ወገቡን የሚያመውም ይህ ነው፤ ጠንካራ ሞላና ጠንካራ አሞርቲዛተር በእርግጥ የሚከሰሱትም እዚህ ላይ ነው። በተጨማሪም አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ፥ ስታብላይዘር የሚባለው ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ዘንግ የወፈረ ከሆነ፥ መኪናው ወደ ጎን ይናጣል፤ የተሳፋሪውም ራስ ወደ መስኮት ይወረወራል።

ይሁንና ለጠንካራው ሞላም ጠበቃ ልሁንለት። በቸርችል ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጋዛል፤ የለሰለሰ መኪና አፍንጫውን ሲደፋ ጠንካራው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አምስት ሰውና ዕቃ ሲጫንም ለስላሳው ሞላ ተጨምቆ ያልቅና ብረት ከመቆሚያው ላስቲክ ጋር ይጋጫል፤ ከዚህ ግጭት የሚብስ ምቾት ማጣት የለም። ጠንካራው ግን ሲጫን ምቱ ዝግ ይላል፤ ስለዚህ ባዶውን የሚያንገጫግጭ መኪና ቤተሰቡ ሲሞላበት ሊሻሻል ይችላል።

የከተማችንን ታክሲዎች ታሪክ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ አራዳን ያገለገለው ሰይቼንቶ፥ ማለት በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊያት 600፥ ከፊት አግድም የተጋደመ ባሌስትራ፥ ከኋላ ሞላ ነበረው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ላዳ መሠረቱ ፊያት 124 ሲሆን፥ ሶቪየቶች ለአገራቸው ሻካራ መንገድ ሲያዘጋጁት ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ አካሉንም አጠነከሩት። መሐንዲሶቹ መንገዱን አይተው መኪናውን አስማሙ። ለዚያ መንገድ የተስማማ መኪና ለእኛም መንገድ መስማማቱ አያስደንቅም።

ዛሬ በየጋራዡ የሚታየው ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። መኪናው ከመሬት እንዲነሣ ተብሎ በሞላው ክሮች መካከል ላስቲክ ይሸጎጣል። ላስቲክ የገባባቸው ክሮች መጨመቅ ስለማይችሉ፥ ሞላው እንዳጠረ ይቆጠራል፤ ያጠረ ሞላ ደግሞ ይጠነክራል። ባለቤቱ ሳያውቅ የቤተሰብ መኪናውን ወደ ስፖርት ለወጠው ማለት ነው። ልዩነቱ የስፖርቱ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ለጠንካራው ሞላ የሚመጥን አሞርቲዛተር ይዞ መውጣቱ ነው። በጋራዥ የተነሣው መኪና ግን አሞርቲዛተሩ የድሮው ስለ ሆነ ጠንካራውን ሞላ መግታት ያቅተዋል፤ ጎማው ከመንገዱ እየዘለለ ይሄዳል፤ ቦኮላዎቹም ቶሎ ያልቃሉ። እንግዲህ ተሳፋሪውን የሚጎዳው የሞላው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ሞላው፥ አሞርቲዛተሩና ጎማው እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ይበልጥ ይጎዳዋል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ አዲስ መልክ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከባድ ነው፤ 1,000 ኪሎ ግራም ያልሞላውን የመጀመሪያውን ቪትዝ የለመደ ቤተሰብ ዛሬ ወደ 2,000 በሚጠጋ ወይም ከዚያ በሚበልጥ መኪና ይሳፈራል። ክብደቱን ለመሸከም ሞላው መጠንከሩ ግድ ነው። ክብደቱና ሞላው አብረው ካደጉ ምቱ ስለማይለወጥ በዚህ ብቻ ምቾት አይጓደልም። ሥጋቱ ከሚከተለው ትልቅ ቸርኬ፥ በጉድጓድ ጫፍ ላይ ከሚደርሰው ኃይለኛ ግጭትና በከባዱ አካል ሥር ከሚደክሙት መጋጠሚያዎች ነው።

ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፥ መኪና ለመግዛት ምክር የሚጠይቀን ሰው ከሾፌሩ ወንበር ተነሥቶ ከኋላ ይቀመጥ፤ አንድ ጊዜ በባዶው፥ አንድ ጊዜ ቤተሰቡን ጭኖ፥ በአስፋልትም በጥርብ ድንጋይም ያስነዳው። ሾፌር መሪውን ይዞ የሚመጣውን ጉድጓድ አስቀድሞ ስለሚያይ አካሉን ያዘጋጃል፤ የኋላ ተሳፋሪ ግን ሳይዘጋጅ ይመታል። ሁለተኛ፥ ሞላ ሲለወጥ አሞርቲዛተሩ አብሮ ይመርመር፤ ፍሬኑ የሚፈቅድ ከሆነም የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ሳይለውጡ ትንሽ ቸርኬና ረጅም ግድግዳ ያለው ጎማ መምረጥ ከሁሉ የረከሰ መድኃኒት ነው። ሦስተኛ፥ የመንገድ መሐንዲሶች የሆናችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የቦይ ድፍንና የማንሆል ክዳን ከመንገዱ ጋር እኩል እንዲሆን ታተርፉልን ዘንድ እንለምናችኋለን። በየመኪናው ሞላ ከመለወጥ አንድ ክዳን ማስተካከል ለብዙ ሺህ ወገብ ዕረፍት ይሰጣልና።