አሮጌ ቤት ከመግዛታችን በፊት እናስመርምር



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች! ለዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ አሮጌ ቤት መግዛትን ይመለከታል። ቤት መግዛት አብዛኛው ቤተሰብ ቢሳካለት በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ነው። የዓመታት ላብ በአንድ ቀን ፊርማ የሚያልፍበት ጉዳይም ነው። ስለዚህ ከራሳችን ተሞክሮ ተነስተን ጥቂት ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ ቤት የገዛነው ከአሥር ዓመት በላይ ባጠራቀምነው ገንዘብ ነው። እህታችን ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የላከችው አለበት፤ እናታችን ወርቃቸውን ሸጠው የጨመሩት አለበት። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ልስኑ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባለ አራት ክፍል አሮጌ ቤት ነበር። ሻጩ በአንድ መስጂድ አብረን የምንሰግድ አባት ናቸው። ቤቱን ያየነው በጥር ወር ነው። ፀሐይ ነው፣ ግቢው ደረቅ ነው፣ ቀለሙም ገና አዲስ ነው። አንድ ዘመዳችን «አናጢ ላምጣና ይይልን» ቢለን፣ «እኚህን አባት እንዴት እንዲህ እናደርጋቸዋለን? አላመኑኝም ይሉናል» ብለን ከለከልነው።

ሐምሌ ገባ። የጓዳው ግድግዳ ከሥሩ ያብጥ ጀመር። ልስኑን ፈንቅለን ስናይ ቋሚዎቹን ምስጥ ጨርሷቸዋል፤ በጣት ሲነኳቸው ይረግፋሉ። ለካስ ግድግዳውን ደግፎ ያቆየው ልስኑ ኖሯል። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ወደ ውጭ ተደረመሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቹ በሌላው ክፍል ስለነበሩ ማንም አልተጎዳም።

ሻጩ አባት «ወላሂ አላውቅም ነበር» አሉን። ልባችን ግማሹን አመነ፣ ግማሹን ተጠራጠረ። ለወራት በአንድ ሶፍ ቆመን ሰግደን፣ ሳንጨባበጥ ተለያየን። በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁን። ዛሬ ነገሩን ስናስበው እሳቸውም እውነታቸውን ነበር። የኖሩበትን ቤት ልስን ገልጦ የሚያይ ማን አለ? ለግማሽ ቀን አናጢ ቢያይልን ኖሮ እኛም እሳቸውም እናውቅ ነበር። ገንዘባችንም ወንድማማችነታችንም የተጎዳው በይሉኝታችን ነው።

ውድ አድማጮቻችን! ማስመርመር ሰውን አለማመን አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ከተው ጣቶቻቸው እርጥበት እንዳገኙ፣ ሻጩ ዝናብ መታው ቢላቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ እንደገሠጹት የታወቀ ነው። የላዩን አይተው ብቻ አላለፉም። አሮጌ ቤትም እንደዚያ ክምር ነው፤ ላዩ ደረቅ ሆኖ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። የፊቅህ ሊቃውንትም ነውሩ ተደብቆበት ዕቃ የገዛ ሰው የመመለስ መብት እንዳለው፣ ነውሩን አውቆ ወዶ የገዛ ግን በዚያ ነውር ቅሬታ እንደማያነሳ አስተምረዋል። ስለዚህ ምርመራው ለሻጩም ጥበቃ ነው። ሁሉም ነገር ታይቶና ተነግሮ ከተሸጠ በኋላ ማንም «አታለለኝ» ሊለው አይችልም።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይካሄዳል? በሦስት ነጥቦች ከፍለን እንመልከተው።

አንደኛ፡- ማን ይመርምር? ቤቱ የብሎኬት ወይም የፎቅ ከሆነ መሐንዲስ፣ የጭቃ ከሆነ በጭቃ ቤት ሥራ የኖረ አናጢና ግንበኛ ያስፈልጋል። በተቻለ መጠን የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛም ቢታከል መልካም ነው። የመርማሪው ክፍያ የገዢው ነው። ሰውየው የደላላው ወዳጅ መሆን የለበትም፤ ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነውና። በተመሳሳይ የጥገናውን ሥራ እኔ አገኛለሁ ብሎ የሚጓጓ ባለሙያም ትንሹን ጉድለት ሊያገንነው ስለሚችል እንጠንቀቅ። የሐረር ጁገል ዓይነት የድንጋይና የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ያንኑ አሠራር የሚያውቅ የአካባቢው ባለሙያ ይፈለጋል።

ሁለተኛ፡- መቼ ይመርመር? ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከቀብድ በኋላ ጉድለት ብናገኝ እጃችን ታስሯል። ሻጩ ያለ ቀብድ አልጠብቅም ካለ፣ ምርመራው ከባድ ጉድለት ካሳየ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። በቀብድ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከወቅት አንፃር ደግሞ ቤት የሚመረመርበት ጥሩ ጊዜ ክረምት ነው። በበጋ የምናይ ከሆነ ዝናቡ ትቶት የሄደውን ምልክት እንፈልግ።

ሦስተኛ፡- ምን ይታይ? መጀመሪያ የግድግዳው እግር ነው። በአሮጌ የጭቃ ቤት ውኃና ምስጥ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ከምድር የሚነሳው እርጥበት በሲሚንቶ ልስን ሲታፈን መውጫ ያጣና ጭቃውንና የባሕር ዛፍ ቋሚውን ያበሰብሳል። ግድግዳውን በጣት አንጓ ስናንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። በሻጩ ፈቃድ ጥግ ላይ ትንሽ ተፈልፍሎ ቋሚው በወስፌ ይወጋ፤ ወስፌው ያለ ችግር ከሰመጠ እንጨቱ አልቋል። ከግድግዳው አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ምክንያቱን እንጠይቅ።

ቀጥሎ ስንጥቅ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙም አያሰጋም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ይችላል። በተለይ መሬቱ ዋልካ ከሆነ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መሠረቱን ያናውጠዋል። እ.ኢ.አ በ2017 በፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱንም አንርሳ። ጊዜ ካለን ስንጥቁ ላይ ጥቂት ጀሶ ለጥፈን ቀኑን እንጻፍበት፤ ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው።

ከዚያ ጣሪያው ነው። መርማሪው በቀን ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ቀና ቢል የቆርቆሮው ቀዳዳ በብርሃን ይታየዋል። የወራጆቹን ጤንነት፣ የምስማሩን ዝገት፣ የአሸንዳውን መውረጃ ይይ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ውኃ አለ ማለት ነው። የአሸንዳው ውኃ ግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ የመሠረቱ ችግር ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል።

መብራቱንና ውኃውንም አንዘንጋ። ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? የድሮው ሽቦ የእንጀራ ምጣድ ይችላል? የብረት ቧንቧው ውስጡ ዝጎ ውኃውን አላጠበበም? የመፀዳጃው ጉድጓድ የት ነው? ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው? አንዳንዴ የድሮ ጉድጓድ ተደፍኖ ክፍል ይሠራበታልና የሰፈሩን ነባር ሰዎች መጠየቅ ይጠቅማል።

መርማሪው ያየውን በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት ይስጠን። አሁኑኑ መሠራት ያለበት፣ በዓመት ውስጥ የሚሠራ፣ ሊቆይ የሚችል ብሎ ከግምት ዋጋው ጋር ይለይልን። ያን ወረቀት ይዘን ከሻጩ ጋር በግልጽ እንነጋገር። ወይ የጥገናው ወጪ ከዋጋው ይቀነሳል፣ ወይ ሻጩ አስጠግኖ ያስረክባል፣ ወይ በሰላም እንለያያለን። ዋጋ ለማስቀነስ ብለን ጉድለቱን ማጋነን ግን እኛንም ከአታላዮች ያስቆጥረናል። ቤቱን ባንገዛው እንኳ የታየውን ለሻጩ እንንገረው። በዚያ ግድግዳ ሥር የሚተኙት የእሱ ልጆች ናቸው።

ከግድግዳው በተጨማሪ ወረቀቱም ይመርመር። ካርታው በማን ስም ነው? ከእዳና እገዳ ነፃ ነው? ተጨማሪው ክፍል በፈቃድ የተሠራ ነው? ወራሾች ሁሉ ተስማምተዋል? እ.ኢ.አ ከ2016 ጀምሮ በመዲናችን በኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ሰፈሮች መፍረሳቸውን አይተናል። ስለዚህ ቦታው በከተማው ፕላን ለምን እንደተመደበ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሳይጠየቅ አይፈረም። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ይመዝገብ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ስለ ዕዳ ጽሑፍና ስለ ምስክር በረጅሙ ያስተማረን እኮ የምንተማመን ወንድማማቾች ሆነን ሳለ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች! በመጨረሻም ለምትገዙ ሁሉ የምንለው ይህን ነው፡- «ባለሙያ ይዤ ልምጣ?» ለማለት አትፈሩ። ለምትሸጡም፡- ገዢው ባለሙያ ይዞ ሲመጣ አትቆጡ፤ በሩን ክፈቱለት፣ የምታውቁትን ጉድለትም ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የእኛ ጓዳ ዛሬ በብሎኬት ተሠርቷል። ባለፈው ዓመት እኚያው አባት ለልጃቸው ቤት ሊገዙ ሲሉ «አናጢያችሁን አውሱኝ» ብለው መጡ። አብረን ሄድን፤ ግድግዳውን አንኳኩተን፣ ጣሪያውን አይተን፣ በደስታ ተመለስን።

አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቤታችንን የሰላምና የበረካ ያድርግልን። አሚን።