የኃይል ሚዛን እና ለዘውግ መታመን፦ በፋንታሲ የሚና ጨዋታ አነዳደፍ ላይ የቀረበ ንግግር



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በጋራ የፋንታሲ ታሪክ ይጫወታሉ። አንዱ ማዕበል የሚያስነሣ አስማተኛ፣ ሌላው ሰይፍ የታጠቀ ወታደር ነው። ታሪኩ የዘውጉን ጣዕም እንዲይዝ አስማተኛው ከወታደሩ እጅግ መብለጥ ይኖርበታል። ነገር ግን ወታደሩን የያዘው ሰው ምሽቱን በሙሉ ተመልካች ሆኖ ሊያልፍ ነውን? ንድፍ አውጪው ለየትኛው ይታመን?

አስቀድመን ሚዛን ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንለይ። በሰንጠረዥ ሁለቱ ተጋጣሚዎች እኩል ሠራዊት ይዘው ይሰለፋሉ፤ ያለዚያ ማሸነፍ ትርጉም አይኖረውም። በሚና ጨዋታ ግን ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ባልንጀሮች እንጂ ባላጋራዎች አይደሉም። ስለሆነም የገጸ ባሕርያቱ ኃይል እኩል መሆን ግዴታ ነው ከማለታችን በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባናል።

ታሪኩ ይህን ያብራራልናል፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያወጡ የአስማቱን ሥርዓት ከጃክ ቫንስ ልብ ወለዶች ወሰዱ። በእነዚያ ድርሰቶች አስማተኛው ድግምቱን በቃሉ ያጠናል፤ አንዴ ከተጠቀመበት ግን ከአእምሮው ይጠፋል። ይህ ሕግ ለዘውጉ የታመነ ሲሆን፣ ኃይልንም ይገድባል። በ1978 በታተመው የተጫዋቾች መመሪያ ጀማሪው አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ነበረው። የሕይወት ነጥቡ የሚወሰነው በባለ 4 ገጽ ዳይስ ሲሆን የተዋጊው በባለ 10 ገጽ ነበር። ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለመውጣት ተዋጊው ከ2,000 በላይ፣ አስማተኛው ከ2,500 በላይ የልምድ ነጥብ ያሻቸው ነበር። ሚዛኑ የተዘረጋው በዘመን ላይ ነው፤ ዛሬ የደከመ ነገ ይበረታል። ይሁን እንጂ ብዙ ጨዋታ ያን ነገ ሳያይ ይቋረጣል፤ እስከዚያ ከዘለቀም በተራው ተዋጊው ሥራ ይፈታል።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም የልምድ ነጥቡን ለሁሉም አንድ አደረገው፤ በከፍተኛ ደረጃዎች የአስማተኛው ብልጫ ግን አልቀረም። በ2008 አራተኛው እትም ቁርጥ ያለ መፍትሔ አቀረበ፦ በመጀመሪያው መመሪያ የነበሩት የሙያ መደቦች ሁሉ ሁልጊዜ፣ በየፍልሚያው አንዴ እና በየቀኑ አንዴ የሚሠሩ ችሎታዎችን በአንድ ዓይነት መዋቅር አገኙ። ሒሳቡ ተስተካከለ። ብዙ ተጫዋቾች ግን ሰይፉና ድግምቱ አንድ ዓይነት ጣዕም እንዳላቸው በመግለጽ አማረሩ። በ2014 የመጣው አምስተኛው እትም መደቦቹን በየራሳቸው መዋቅር ወደ መለየት ተመለሰ።

ሌላ መንገድ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ተጠቁሞ ነበር። በ1987 ጆናታን ትዊትና ማርክ ራይንሃገን ያወጡት «አርስ ማጂካ» አስማተኞቹን ያለ ኀፍረት የበላይ ያደርጋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አስማተኛ እና አንድ ሌላ ባልደረባ ይኖረዋል፤ ተራ አጃቢዎቹ ደግሞ የሁሉም የጋራ ናቸው። ዛሬ አስማተኛ የሆነ ነገ ጦር ተሸካሚ ይሆናል። ገጸ ባሕርያቱ እኩል አይደሉም፤ ተጫዋቾቹ ግን እኩል ናቸው። የሚገርመው፣ ይኸው ትዊት በኋላ የሦስተኛውን እትም ንድፍ የመራ ሰው ነው።

ከዚህ በመነሣት የምሟገተው፣ መመጣጠን ያለበት የገጸ ባሕርያቱ ኃይል ሳይሆን የተጫዋቾቹ ድርሻ ነው በማለት ነው። ድርሻ ስል ታሪኩን የሚለውጥ ውሳኔ የማድረግ ዕድልን ማለቴ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። ጉዳት በቁጥር ይሰላል፤ ድርሻ ግን አብረው በተቀመጡት ሰዎች ጠባይ ላይ ይመሠረታል። ደግሞም አንዱን ወታደር ብቻ ወድዶ ሊያሳድገው የሚሻ ተጫዋች ሚና መቀያየርን አይወድም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ንድፉን አድካሚ ያደርጉታል እንጂ ጥያቄውን አይሽሩትም።

ስለዚህ ጨዋታ ለምትነድፉ ተማሪዎች ይህን አሳስባለሁ፦ ሥራችሁን ስትፈትሹ የጉዳቱን ሰንጠረዥ ብቻ አትመልከቱ። ከጠረጴዛው አጠገብ ሆናችሁ የእያንዳንዱ ተጫዋች ውሳኔ የነገሩን አካሄድ ስንት ጊዜ እንደለወጠ ቁጠሩ።